ከጎሐ ጽዮን ወደ ፓዌ

ማክሰኞ። ፓዌ ከአዲስ አበባ 575 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ፤ ሌሊት ተነስተን ረፋዱ ላይ ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ገና ሲሶው ነበር። ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጠው የጂኦሎጂ መምህር ገደሉን በጣቱ እያሳየ ይነግረኝ ጀመር፤ ከላይ ባዛልት፣ ዝቅ ሲል የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጂፕሰምና ሼል የተፈራረቁበት ንብርብር፣ ድልድዩ ዘንድ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። እሱን የሚመስጠው ግን ነዳጅ የሚያመነጨው ጥቁር ሼል ነው፣ ለኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ ምንጭ ነው የሚባለው የቦክ ሼል ዓይነቱ። ጥሬ ሳለ በውስጡ ጨዋማ ውሃ ስላለ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ለሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ ሲሞቅ ዘይት ያፈልቅና ውሃውን ያስወጣዋል፣ ያኔ ኤሌክትሪክ እምቢ ይላል። «ከዚያ በላይ ሲበስል ደግሞ ያራል፣ እንደ ተረሳ ቡና፤ ካርበኑ ወደ ግራፋይት ይጠጋና እንደገና ያሳልፋል» አለኝ። እንጅባራ አደርን፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ረቡዕ። ቻግኒን እንዳለፍን ጃኬታችንን አወለቅን። ግልገል በለስ የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ በልተን በሚኒባስ ለሰው 50 ብር ከፍለን ፓዌ ገባን። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ከየአገሩ የመጡት ሰፋሪዎች የተተከሉባቸው መንደሮች ዛሬም በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ሹፌሩ «14 ወራጅ አለ?» ሲል ለእንግዳ ጆሮ ግር ይላል። ማንጎው በየደጁ ተንጠልጥሏል።

ሐሙስ። ለውሃ ጉድጓድ ቦታ የሚፈልጉ ልጆች መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም በሚለካ መሣሪያ ላይ ሽቦ ዘርግተው አገኘናቸው። ዋልካው ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል፣ እንዲህ ሆኖ ደግሞ ኤሌክትሪክ አይቀበልም፤ አንዱ ልጅ በሃይላንድ ጨው የበጠበጠበትን ውሃ በየብረቱ ካስማ ሥር እያፈሰሰ ይዞራል። መምህሩ ከአሶሳ በኩል የመጣ ግራፋይት ያለበት ሺስት ከቦርሳው አወጣ፤ ጣቴን እንደ እርሳስ አጠቆረው። የልጆቹን ቴስተር ሁለት ጫፍ ሲያስነካው ጢጥ አለ።

መሣሪያው ጥልቀቱ ሲጨምር ዝቅተኛ ቁጥር አሳየ፣ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል ማለት ነው። አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ውሃ አለ?» አሉ። «አባባ፣ ውሃም ሊሆን ይችላል፣ ሸክላም፤ እንዲህ ያለ ጥቁር ድንጋይ ከሆነም ቁጥሩ ያው ነው።» ከቁጥሮቹ ንብርብሩን እንዴት እንደሚያሰሉት ቢያስረዱኝም አልገባኝም፤ የገባኝ፣ ጥሬው ሼልና ያረረው በመሣሪያው ላይ አንድ መምሰላቸው ነው። አዛውንቱ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «ታዲያ ቆፍራችሁ እዩዋ!» አሉና ወደ ማንጎው ጥላ ሄዱ፣ ልጆቹም ሽቦውን ለማርዘም ካስማውን ነቀሉ።