ሬዲዮ ጠጋኝ ፍለጋ በሦስት ከተሞች

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ። ዛሬ ሦስቱም የሸገር ከተማ አካል ናቸው። ለልጅ ልጄ አንዲት ትራንዚስተር ፍለጋ ሦስቱንም አዳረስኩ።

ሱሉልታ የገባሁበት ሱቅ ሁሉ የስልክ ነው፤ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ ስክሪን። «ማዘር፣ እሱን መርካቶ ነው የሚያገኙት» አሉኝ። ቡራዩም ያው ነው። የታክሲው ሒሳብ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል!

ድሮ በየገበያው ዳር ሬዲዮ ጠጋኝ አይጠፋም ነበር፤ የተከመረ ቀፎ፣ ቴስተር፣ የብየዳ ጭስ። (ጭሱን አልወደውም፤ ነርስ ነኝና «መስኮት ክፈቱ፣ እጃችሁን ታጠቡ» እል ነበር።) አሁን ሬዲዮው ራሱ ስልክ ውስጥ ገባ። የስልክ ዕቃ ደግሞ ከሰሊጥ ያነሰ ነው፤ ልጅ ፈትቶ አይማርበትም። የባትሪ ድንጋይ የሚበላው አሮጌ ሬዲዮ ግን ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ድንጋዩን አውጥታችሁ ስጡት፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ግን አታስነኩት።

ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። የሬዲዮ ቁልፍ በጣት ተዳስሶ ይገኛል፤ ልሙጡ የስልክ መስታወት ዐይኑ ለደከመ ሽማግሌ ያስቸግራል። እዚያ ከአንድ ጫማ ሰፊ አጠገብ አንድ አዛውንት ጠጋኝ አገኘሁ። ትራንዚስተሯን ከወተት ጣሳ ውስጥ አወጡልኝ። መደርደሪያቸው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሬዲዮዎች ሁሉ የእኩዮቻቸው ናቸው። ሙያውን የሚረከባቸው ግን እስካሁን አልመጣም።