አሮጌ ልብስ የለበሰው ካሜራ

ወንድ አያቴ አባባ በሕይወት ሳሉ በፊልም የሚሠራ ካሜራ ነበራቸው። ባለፈው ዓመት አጎቴ ዲጂታል ካሜራ ሲሰጠኝ ሴት አያቴ አይተው፥ «ይህማ የአባባ ነው!» አሉ። እውነትም በመልኩ አይለይም፤ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፥ ከላዩ ቁጥር የተቀረጸባቸው የብረት መዘውሮች ያሉት ነው።

እንዲህ ያለው አሠራር በይበልጥ የታወቀው ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2011 ኤክስ100 የተባለውን ካሜራ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነው። ኒኮንም በ2021 ዜድ ኤፍ ሲ የተባለውን፥ በ1982 በወጣው የፊልም ካሜራው በኤፍ ኤም 2 አምሳል ሠራ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ካሜራው ሳይበራ የመዘውሮቹ ቁጥር በዓይን ይነበባል፤ እጅም ሥራውን ይማራል። ጉዳቱን ግን የተማርሁት በፋሲካ ቀን ነው።

እማማ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ደጃፍ ተቀመጡ። እኔም አባባን ለመምሰል ስክሪኑን አጥፍቼ፥ በመመልከቻው መስታወት ብቻ እያየሁ አነሣኋቸው። «ልጄ፥ ደኅና ወጣሁ?» ቢሉኝ፥ ሳላይ «አዎን» አልሁ። ማታ ስመለከተው ግን የብርሃኑ መዘውር በቦርሳዬ ውስጥ ዞሮ ኖሮ፥ ፊታቸው እንደ ቀሚሳቸው ነጥቷል። ጥቂት የጨለመ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ይቃናል፤ ብርሃን ፈጽሞ ያጠፋው ግን አይመለስም። እማማም በሰኔ ዐረፉ።

ካሜራውን ዛሬም እወደዋለሁ። አባባ ፊልሙ እስኪታጠብ የሚጠብቁት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው፤ እኔ ግን መንገዱ እያለኝ ለመምሰል ብዬ ተውሁት። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ያለፈውን መልክ ብንወድ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ከማንሣታችን በፊት መዘውሩን፥ ካነሣንም በኋላ ስክሪኑን እንይ።