መጠጥ ለመተው የተሰበሰብንበት ማኅበር

የቤቱን ነውር ወደ አደባባይ የሚያወጣ ሰው በአገራችን ልማድ እንደማይመሰገን አውቃለሁ። ነገር ግን የእኔ ነውር ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ ድረስ ሲንገዳገድ ብዙ ዘመን የታየ ስለ ሆነ፣ አሁን ብጽፈው ምስጢር አወጣ የሚለኝ የለም።

እኔ መርካቶ ተወልጄ ያደግሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መጀመሪያ ጠላ፣ ቀጥሎ ጠጅ፣ በመጨረሻም ካቲካላ ለመድሁ። ጠላ ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይሉ ጥቂት ነው፤ ካቲካላ ግን ከመቶው እጅ ወደ 45 የሚጠጋው አልኮል ነው። አንድ ማታ ወደ ቤቴ ስገባ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ድምፄን ከደጅ ሰምታ፣ ማንም ሳያዛት፣ የራስዋንና የታናሽ ወንድምዋን ደብተሮች ሰብስባ ከአልጋ ሥር ስትደብቅ አየሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሰክሬ ደብተር ቀድጄባት ኖሯል፤ እኔ ግን አላስታውሰውም ነበር።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ተገዘትሁ። ግዝቱ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እንኳ አልቆየም። ሁለተኛ በገዛ እጄ በአንድ ጊዜ ብተወው እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላቤ ወረደ፣ በሦስተኛውም ሌሊት በግድግዳው ላይ የሌለ ነገር አየሁ። ባለቤቴ ደግፋ ሐኪም ቤት አደረሰችኝ። ሐኪሙም ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ እንደሚታወክ፣ የሚጥል በሽታ ሊያስነሣበትና ሊሞትም እንደሚችል፣ ስለዚህ በሐኪም ጥበቃ መተው እንደሚገባ አስረዳን። ባለቤቴ «መጠጡ ብቻ ሳይሆን መተዉም ይገድላልን?» ብላ አለቀሰች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሐኪሙ «መድኃኒቱ ሰውነትህን ያሳርፍልሃል፤ ብቻህን ከተቀመጥህ ግን ትመለሳለህ» ብሎ፣ እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ረቡዕ ማታ የሚሰበሰቡበትን ስፍራ ነገረኝ። መርካቶ ለዕቃው ሁሉ ተራ አለው፤ ሸማ ቢፈልጉ ሸማ ተራ፣ አሮጌ ብረት ቢፈልጉ ምን አለሽ ተራ ይሄዳሉ። የዚህ ግን ተራው ወዴት ነው? እያልሁ ስዞር አመሸሁ። ደጁንም ካገኘሁት በኋላ ሦስት ጊዜ አለፍሁት። ዘበኛው ምን እንደምፈልግ ቢጠይቀኝ የመኪና ዕቃ ነጋዴ እፈልጋለሁ ብዬ ዋሸሁ። በቀትር ወደ አረቄ ቤት ስገባ ያላፈርሁ ሰው ከዚያ ለመውጣት ወደሚረዳኝ ቤት በጨለማ ስገባ አፈርሁ።

ከአንድ መጋዘን በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ስምንት ሰዎች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ የሸማ ነጋዴ፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዲቱም አረቄ እያወጣች ስትሸጥ በመቅመስ የጀመረች ሴት ናት። እኔ የስብሰባ ልማድ አለብኝና ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ማን እንደ ሆኑ ብጠይቅ ሳቁብኝ። መዝገብ የለም፤ የአባት ስም አይጠራም፤ ማንም ማንንም አይመክርም፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይናገራል። ሾፌሩ «ዛሬ 41 ቀኔ ነው» ሲል ሁሉም አጨበጨቡለት።

ይህ ሥርዐት የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1927 ዓ.ም. ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ነጋዴ ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ንግዱ ከሸፈበት በኋላ፣ በሆቴሉ ውስጥ መጠጥ ቤቱ ቢስበው፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ስልክ እየደወለ እንደ እርሱ ያለ ጠጪ ፈለገ። ያገኘው ሰው ቦብ ስሚዝ የተባለ ሐኪም ነበር። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ሰኔ 3 ቀን አልኮሊክስ አኖኒመስ ለሚባለው ማኅበር የመመሥረቻ ቀን ሆኖ ይቈጠራል። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ ለመተው መፈለግ ብቻ ነው።

የእኔ ጭንቅ ግን ገና ነበር። በሚካኤል የጽዋ ማኅበር አለኝ፤ ተራዬም ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስቀርቷል፤ ከማኅበርተኛ ቤት ግን ጠላን በምን አዋጅ ያስቀሩታል? ጠላ ቢጠመቅ ጋኑ ከእኔ ጋር ሊያድር ነው፤ ባይጠመቅ ማኅበርተኛው ይታዘበኛል። ረቡዕ ማታ ይህንን ብናገር ሴትዮዋ የእርስዋን ጋኖች ለጎረቤት እንደ ሰጠች ብቻ ነገረችኝ።

በማግሥቱ ወደ ሙሴያችን ሄጄ ሳልሸሽግ ነገርሁ። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ከዚህ በፊት ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉኝ። የሚካኤል ዕለት ባለቤቴ ያልፈላ የማር ብርዝ አቀረበች፤ ቄሱም ባርከው ዳቦውን ቈረሱ። አንድ ማኅበርተኛ ቀምሶ ፊቱን አጨፈገገና ቶሎ ተነሥቶ ሄደ፤ ወዴት እንደ ሄደም አውቃለሁ፤ ልከተለውም ወድጄ ነበር። የቀሩት እስኪመሽ ተጫወቱ።

ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ለሚቀጥለው ተረኛ አስረከብሁ። በእርሱ ቤት ጠላ እንደሚጠመቅ አውቃለሁ፤ ስለዚህም ነገር ረቡዕ እናገራለሁ። እንግዶቹን ሸኝቼ ስመለስ ልጄ ብርጭቆዎቹን ከገበታው ላይ ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ደብተርዋን ዘርግታ ትጽፍ ነበር። ድምፄን ሰምታ ቀና አለችና ጽሕፈትዋን ቀጠለች።