ስኳሩ ለምን ገባ?

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሚቶኮንድሪያ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ «የሴል ኃይል ማመንጫ» ብሎ ሳያመነታ ይመልሳል። ምሳ የበላው እንጀራ እዚያ ደርሶ እንዴት ኃይል እንደሚሆን ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። በልጁ አልፈርድም። ፈተናው የሚጠይቀው የአካላቱን ስም ነው፤ የሚሠሩትን ሥራ የሚጠይቀው የለም።

*

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በሚበጠበጠው ኦአርኤስ ውስጥ ጨው ለምን እንደገባ መገመት አይከብድም። ስኳሩስ? ለጣዕም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን የትንሹ አንጀት ሴሎች ሽፋን ላይ ነው ያለው። እዚያ ግሉኮስንና ሶዲየምን አጣምሮ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ። ግሉኮስ ከሌለ ሶዲየም በዚያ በር አያልፍም፤ ሁለቱ ሲገቡ ደግሞ ውሃው ይከተላቸዋል። የኮሌራ መርዝ የአንጀት ሴሎች ክሎራይድ ያለማቋረጥ እንዲያፈሱ ያስገድዳል፤ የሰውነት ውሃም አብሮ ይወጣል። ይህን በር ግን አይዘጋውም። ሕፃኑ የሚተርፈው በእሱ ነው።

አሠራሩን ሮበርት ክሬን በ1960 እ.ኤ.አ. አስረዳ። በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስላነሰው ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ አጠጣቸው። 30 በመቶ ያህል የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ የሚያጣ ግን ጥቂት ነው። የሴል ሽፋንን የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ ፓኬቱን ይዛችሁ ግቡ።

*

ቀይ የደም ሴል መቅኔ ውስጥ ሲበስል ኒውክለሱን ያወጣል፤ ሚቶኮንድሪያውንም ያስወግዳል። ቦታው ሁሉ ለሄሞግሎቢን ይውላል። ኦክስጅን ተሸክሞ ሲዞር ይኖራል፣ ራሱ ግን ኃይል ለማግኘት ኦክስጅን አይጠቀምም። ኒውክለስ ስለሌለው የተጎዳውን አካሉን አዲስ ፕሮቲን ሠርቶ መጠገን አይችልም፤ 120 ቀን ገደማ አገልግሎ ይወገዳል። በሰውነታችን ካሉት ሴሎች በቁጥር የሚበልጡት እነዚህ ናቸው። የመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ላይ ያለው፣ ሁሉ የተሟላለት ሴል፣ ከእነሱ ጋር አይመሳሰልም።

*

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ቀይ ሴል ውስጥ ለመግባት በዋናነት የሚይዘው ዳፊ የሚባል የሽፋን ፕሮቲን ነው። በምዕራብ አፍሪካ የአብዛኛው ሰው ቀይ ሴል ይህ ፕሮቲን ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። እኛ ዘንድ ፕሮቲኑ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህም ቫይቫክስና ሌላው የወባ ተውሳክ ፋልሲፓረም ጎን ለጎን ያጠቁናል። ፕሮቲኑ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም ቫይቫክስ ተገኝቷል፤ ተውሳኩ ሌላም መግቢያ ሳይኖረው አይቀርም። አገሩን በሙሉ የሚያስጨንቅ በሽታ በአንዲት ሴል ሽፋን ላይ ባለ ፕሮቲን መወሰኑ ዘወትር ይገርመኛል።

*

ሚቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ በሰው ላይ 37 ጂኖች። የምንወርሰውም ከእናታችን ነው።

*

የባክቴሪያ ሴል ግድግዳ አለው፤ የሰው ሴል የለውም። አሞክሲሲሊን ያንን ግድግዳ እንዳይሠራ ያሰናክላል፤ ባክቴሪያውን ገድሎ የእኛን ሴል የሚተወው ለዚህ ነው። ቴትራሳይክሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያውን ራይቦዞም ነው፤ የባክቴሪያ ራይቦዞም ከእኛው ይለያል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ግን ከነጭራሹ ሴል አይደለም። ግድግዳ የለው፣ ራይቦዞም የለው። መድኃኒቱ ምኑን ይምታ? ቫይረሱን ሳይነካ በሰውነታችን ያሉትን ባክቴሪያዎች ይፈጃል፤ የተረፉት መድኃኒቱን የለመዱት ይሆናሉ፣ ይራባሉም። ነገ የሳንባ ምች ለያዘው ልጅ ያው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ለጉንፋን ብላችሁ አሞክሲሲሊን አትግዙ፤ ሐኪሙ «አያስፈልግህም» ሲላችሁም እመኑት።