«ጥርስ ነው» እያላችሁ አትናቁት

ዛሬም ዱቲ ላይ ያው የለመድነው መጣ፦ «ልጄ፣ ጥርሴን ነው፤ አንድ መርፌ ውጊኝና ልሂድ።» ጋሼ ከአገጫቸው ሥር ግራም ቀኝም አብጠዋል፤ ሲያወሩ ትኩስ ነገር የጎረሱ ይመስላሉ፤ ለሃጫቸውን በሶፍት ይጠርጋሉ። አልጋው ላይ ጋደም ይበሉ ብንል «ስተኛ ያፍነኛል» ብለው እምቢ አሉ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ቀርቶ ስለ ትንፋሽ ነው የምናስበው።

ምላስ ሥር ያለው ሥጋ አብጦ ሲደነድን ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋና መተንፈሻውን ይዘጋል። ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1836 እ.ኤ.አ. የጻፈው ይህንኑ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥርስ ነው። ጋሼ እንደተቀመጡ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተጀመረላቸው፤ ሰመመን ሰጪም ቀዶ ሐኪምም ተጠሩ። መግሉ መውጣት፣ ጥርሱም መነቀል አለበት።

ኪሳቸው ውስጥስ? አሞክሳሲሊን፣ ግማሹ ተውጦ። አንዴ የጥርሱ ውስጥ ከሞተ ደም አይደርሰውም። ደም ያልደረሰበት ቦታ እንክብሉ በምን ይደርሳል?

አሁን ደግሞ ንዴቴ መጣ። ድሮ ሌላ ቦታ ስሠራ ጥርሴን አሞኝ ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ «በጥርስ ደግሞ ይቀራል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ጨጓራ ብል ኖሮ «እግዜር ይማርሽ» ይለኝ ነበር! ቅርንፉድ ነክሼ ዋልኩ። ቅርንፉድ ቀልድ አይደለም፤ ውስጡ ያለውን ኢዩጂኖል የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ግን ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ መግሉን አያወጣም። አረቄ የምትጉመጠመጡትን እንተዋችሁ፤ እናንተ ጥርሱን ሰበብ አድርጋችሁ ነው።

ሳቁ ግን ሰው ይገድላል። ሰው «በጥርስማ ሆስፒታል አልሄድም» እያለ ቤቱ ይቀመጣል፣ አንገቱ እስኪያብጥ።

ስለዚህ፦ ጥርስ አሞህ እብጠትም ትኩሳትም ከሌለ ማስታገሻ ውሰድና ጥርስ ሐኪም ጋ ሂድ፤ አንቲባዮቲክ ለብቻው አያድንህም። አፍህ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተህ፣ ድምፅህ ከተለወጠ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ ግን እስኪነጋ አትጠብቅ። ስኳር ካለብህማ ጭራሽ።

ቴሌግራም ላይ የጉንጭ ፎቶ የምትልኩልኝ ዘመዶቼ፣ እናንተንም ነው። በፎቶ አልነቅልም። ልተኛበት።