ሦስት ብልጭታ

ሥራዬ ፊት ማየት ነው። ከጠዋት እስከ ማምሻ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ መታወቂያ እቀበላለሁ፤ ፎቶውን አያለሁ፤ ቀና ብዬ ባለቤቱን አያለሁ፤ ፊርማውን አመሳክሬ ገንዘቡን እቆጥራለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ስኖር የታዘብሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው የመታወቂያ ፎቶውን አለመምሰሉን ነው። ፎቶዎቹ ግን እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ሁሉም ብልጭታ ፊት ለፊት የወረደባቸው፣ ጉንጭና አፍንጫቸው ተደልድሎ አንድ የሆነ፣ ጥላቸው ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ...

አባቴ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ለለቅሶው የተገኘው ፎቶ ይኸው ዓይነት ነበር። ከመታወቂያው ላይ አሳድገን ፍሬም አስገባነው። ለቀስተኛው ፎቶውን እያየ ሲያለቅስ፣ እኔ ፎቶው ውስጥ አባቴን እፈልግ ነበር። ከቅንድቡ በላይ የነበረችው ጠባሳ፣ ሲስቅ የሚጎደጉደው ጉንጩ፣ የሉም። ብልጭታው በልቷቸዋል።

እናቴ ላይ ይህ እንዳይደገም ብዬ (ይህን ለማንም አልተናገርሁም) ከወር ደመወዜ እየቆነጠርሁ አንድ አሮጌ ካሜራና ሦስት ያገለገሉ ፍላሾች ገዛሁ። ግጥም የሚሞካክር የባንክ ሠራተኛ ምን ያደርግልሃል ያሉኝ ነበሩ። እውነት ነው፤ ብዙ አልገባኝም ነበር። ቀስ በቀስ የተረዳሁት ይህን ነው። ካሜራው ራስ ላይ የተሰካ ፍላሽ ሌንሱ ወደሚያይበት ስለሚያይ ጥላውን ሁሉ ከሰውየው ኋላ ይደብቀዋል፤ ጥላ ያጣ ፊት ደግሞ ቅርጹን ያጣል። ፍላሹን ነቅለው ወደ ጎን፣ ከፍ አድርገው ሲያቆሙት፣ ያ ፊት ሸለቆና ኮረብታው ይመለስለታል።

የዚህን ነገር ጥግ የደረሰበት ሰው ኦ. ዊንስተን ሊንክ ይመስለኛል። አሜሪካዊ ነው። ከ1955 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ የኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን ኩባንያን የመጨረሻዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች በሌሊት ያነሣ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ዌስት ቨርጂንያ ውስጥ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ፊልም የሚያዩ ጥንዶችንና ከበስተኋላቸው የሚከንፈውን ባቡር በአንድ ፎቶ ለመያዝ አርባ ያህል አምፖሎችን በሽቦ አያይዞ በአንድ ቅጽበት አበራ። አምፖሉ አንዴ በርቶ የሚቃጠል ነው፤ ባቡሩም አይመለስም። ያን ሁሉ ሽቦ በጨለማ ሲዘረጋ ሳስበው፣ እኔ ያለ ሽቦ በሦስት ፍላሽ መቸገሬ ያሳፍረኛል።

ተቸግሬአለሁ ግን። የመጀመሪያው እሑድ ውርደት ነበር። የካሜራዬ የራሱ ትንሿ ፍላሽ አዛዥ ናት፤ ዋናው ብልጭታ ከመውጣቱ በፊት እጅግ ፈጣን በሆኑ ጥቃቅን ብልጭታዎች ለሌሎቹ ትእዛዝ ታስተላልፋለች። ንግግሩ በብርሃን ስለሆነ፣ ተቀባዩ አዛዡን በቀጥታ ወይም ከግድግዳ ነጥሮ በሚመጣ ብርሃን ማየት አለበት። ሁለተኛውን ከቡፌው ኋላ ሸሽጌው ስለነበር አላየም፤ አልበራም። እናቴ ደግሞ ከዐሥራ ስድስቱ ፎቶ በዐሥራ አንዱ ዓይኗን ጨፍናለች። ትእዛዙን ፍላሾቹ ብቻ ሳይሆኑ የእሷም ሽፋሽፍት ይሰሙት ኖሯል! እኔ ትእዛዙን አላስተዋልሁትም፤ የእሷ ዓይን ግን ፈጣን ነው።

«አንተ ልጅ፣ መብረቅ ነው እንዴ ያመጣህብኝ?» አለችኝ።

ሠርግ የሚያነሣ ወዳጄ የሬዲዮ ማስነሻ አዋሰኝ። ሬዲዮ የቡፌ ኋላ አይገድበውም፤ የፍላሾቹን ኃይል በእጄ ስለምወስንም ቀድሞ የሚብለጨለጭ ነገር የለም። በሁለተኛው እሑድ አንዱን ፍላሽ በመስኮቱ በኩል አቆምሁት፤ በፊቱ የእናቴን አሮጌ ነጠላ ገመድ ላይ ሰቀልሁ። ነጠላው ብርሃኑን በጥቂቱ ይበላል፤ የተረፈውን ግን እንደ ማለዳ ያለሰልሰዋል። ለዚህ የሚሸጥ ዕቃ አለ፤ እኔ ግን ነጠላውን አልለውጥም። ሁለተኛውን ከኋላዋ፣ ትከሻዋንና ሻሿን ከጨለማው ግድግዳ የሚለይ ቀጭን ጠርዝ እንዲያወጣ አድርጌ ኃይሉን ቀነስሁት። ኃይሉ በግማሽ፣ በሩብ፣ በስምንተኛ ነው የሚወርደው፤ ለገንዘብ ቆጣሪ አይከብድም። ሦስተኛው ፍላሽ ሥራ አልነበረውም፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር።

የሞከርሁትን የመጀመሪያ ፎቶ ሳሳያት ስለ ፊቷ ምንም አላለችም።

«ያንን ጥግ ምነው አጨለምኸው? አባትህ እኮ እዚያ ነበር የሚቀመጠው።»

ወንበሩ ከእሷ ኋላ በሁለት ክንድ ርቀት ነው፤ ጋቢው አሁንም ጀርባው ላይ ተጣጥፎ ይቀመጣል። የብርሃን ሕግ ጨካኝ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል። ለእናቴ የበቃው ለወንበሩ አልተረፈም። ሦስተኛውን አንሥቼ ከቡፌው ጎን አስቀመጥሁት፤ የኩራዝ ያህል እንዲሞቅ በብርቱካንማ የከረሜላ ልባስ ሸፈንሁት። ኃይሉን አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ላይ አድርጌ አስነሣሁ። ጋቢው ከጨለማው ወጣ። ዝቅ ላድርገው ስል «ተወው፤ እንዲያ ነው» አለች።

ወደ ካሜራው ተመለስሁ። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያም ወደ ሌንሱ ሳይሆን ወደ እኔ እያየች፣

«ለለቅሶዬ መሆኑን ዐውቄአለሁ» አለች። «እንግዲህ ደኅና አድርገህ አንሣኝ።»

መልስ አልነበረኝም። የሚያስተካከል ነገር የፈለግሁ መስዬ አጎነበስሁ፤ ሁሉም ተስተካክሎ ነበር። ሦስቱም በአንድ ላይ በሩ፤ ዓይኗ አልተከደነም።

ከቅንድቧ እስከ አገጯ ያለው መስመር ሁሉ አለ። ንቅሳቷም አለ። ፎቶው አሁን ቡፌው ላይ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ራሷ አውርዳ ታሳያለች። በጣቷ የምትጠቁመው ግን ወንበሩን ነው።