ጡረታ የሚጀምረው በተቀጠሩበት ሳምንት ነው

በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለ ሰው ጡረታ የሩቅ ወሬ ነው። ከስምንት ዓመት የግል ድርጅት ሥራ በኋላ ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በማርኬቲንግ ባለሙያነት ስቀጠር ባልደረቦቼ የነገሩኝ ስለ ደረጃ ዕድገት፣ ስለ ዓመት ፈቃድና ስለ ውሎ አበል ነበር። ጡረታን ያነሳ አልነበረም። እኔ ግን ጠየቅሁ፤ ምክንያቱም ያደግሁት በጡረታ አበል ነው።

አባቴ አንኮበር አካባቢ መምህር ነበር። ያረፈው ጡረታ ሳይወጣ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያኔ ጡረታ የሽማግሌ ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ገባን። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ ቢሞት ለተተኪዎቹ አበል ይከፈላል፤ ለትዳር ጓደኛም ለልጆችም ድርሻ አላቸው። ችግሩ ግን በአባቴ ማህደር ውስጥ ያኔ ሁለት ዓመቱ የነበረው የታናሽ ወንድሜ ስም አለመኖሩ ነበር። እማዬ እሱን አዝላ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ማስረጃ ስታሟላ ወራት ፈጀባት። በመጨረሻ ተሳካላት። ደብተርና ዩኒፎርም የገዛንበት ገንዘብ ያ ነው።

ስለዚህ የሰው ሀብት ባለሙያዋ የሕይወት ታሪክ ቅጹን ስትሰጠኝ ቁጭ ብዬ በጥንቃቄ ሞላሁት፤ ከዚያም ሕጉን አነበብኩ።

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። በየወሩ ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። የሚታሰበው በመደበኛው ደመወዝ ላይ እንጂ በውሎ አበልና በመሳሰሉት ጥቅማ ጥቅሞች ላይ አይደለም። መደበኛው የመጦሪያ ዕድሜ 60 ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ በዚያ ዕድሜ ሲጦር የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ በየወሩ ይከፈለዋል። ከአሥሩ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አሥር ዓመት ያልሞላው ግን የሚያገኘው ወርሃዊ አበል ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው።

እኔ የተቀጠርኩት በ32 ዓመቴ ነው። እስከ 60 ብሠራ 28 ዓመት ይሆናል፤ አበሌም 52.5 በመቶ። ታዲያ በግል ድርጅት የሠራኋቸው ስምንት ዓመታት የት ይገባሉ? የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ የጡረታ ሽፋን ያገኙት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ፈንዱ የተለየ ቢሆንም የጡረታ መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎት ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ይደመራል። 36 ዓመት ማለት 62.5 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዜ 10,000 ብር ቢሆን ልዩነቱ በወር 1,000 ብር፣ ያውም ዕድሜ ልክ።

ነገር ግን ዓመታቱ የሚደመሩት ማስረጃ ሲኖር ነው። ወደ ቀድሞ ድርጅቴ ሄጄ የአገልግሎት ማስረጃና መዋጮው ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ስጠይቅ የስድስት ወር ክፍያ ሰነድ ታጣ። ደግነቱ የሂሳብ ሠራተኛው አሁንም እዚያው ነው፤ ደረሰኞቹን ከመዝገብ ቤት ፈልጎ አወጣልኝ። ከ28 ዓመት በኋላ ብመጣ ማንን አገኝ ነበር? ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዘዋወራለን፤ ወረቀታችን ግን ወደኋላ ይቀራል።

በመንግሥት ጡረታ ብዙ አማራጭ የለም፤ መዋጮው ግዴታ ነው፣ መጠኑም በሕግ የተወሰነ ነው። በእጃችን ያለው መረጃው ነው። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን እወቁ። የልደት ቀናችሁን ስትሞሉ ተጠንቀቁ፤ የመጦሪያ ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ካስመዘገባችሁት ቀን ነው። የትምህርት ማስረጃውና መታወቂያው የተለያየ ቀን ይዘው ከሆነ ቀድማችሁ አስተካክሉ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ ካላስመዘገባችሁ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ልጅ ሲወለድ የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂ በማህደራችሁ አስገቡ።

ገንዘቡ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እማዬ ግን ስለ ብዛቱ አታወራም፤ «ወር ጠብቆ ይመጣ ነበር» ትላለች። ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ ያለው ቤት ልጆቹን ትምህርት ቤት ይልካል፤ ሱቅም ዱቤ አይከለክለውም። እኔም የሴት ልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ማህደሬ ውስጥ አስገብቼ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር በማስታወሻዬ ጽፌያለሁ። ባለቤቴም ማስታወሻው የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።